የዕቁብ ዕዳ በአጥቢያችን፦ የአንድ ዋስትና ጉዳይ

## ለምን እጽፈዋለሁ

ወደ ሽማግሌዎች ስብሰባ ከሚመጡ ጉዳዮች ብዙዎቹ ውስጥ ገንዘብ አለ። ውርስ ነው፣ የጋራ ሱቅ ነው፣ ያልተመለሰ ብድር ነው፣ ዕቁብ ነው። መድረክ ላይ ግን ስለነዚህ ብዙ አናወራም። ስለ ገንዘብ ሲነሳ አሥራት ላይ ጀምረን አሥራት ላይ እንጨርሳለን። ምዕመኑ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚታገለው ግን ከቤት ኪራይ፣ ከዕቃ ዋጋና ከዕዳ ጋር ነው።

ስለዚህ አንድ ጉዳይ ከመነሻው እስከ ዛሬ እጽፋለሁ። የሰዎቹንም የአጥቢያውንም ስም አልጠራም። ሁለቱም ወገኖች ለሌላ ሰው የሚጠቅም ከሆነ ይጻፍ ብለዋል።

## ሰዎቹና ዕቁቡ

ቦታው አዲስ አበባ ነው። ዕቁቡ የሰፈር ዕቁብ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አይደለም። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ብዙ ነገር ትወስናለች። አርባ ዕጣ አለው። በየሳምንቱ ሰኞ 3,000 ብር ይጣላል፤ ባለዕጣው 120,000 ብር ይወስዳል። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም አለበት። ዳኛው ጅምላ ሱቅ ያላቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ እያለ የሚጠራቸው ሰው ናቸው። እንደ ደንቡ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ሁለት ዋስ ይጠራል። ዋሶቹ ሳይፈርሙ ብር አይወጣም።

ባለዕዳው በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ወንድም ነው። ባለትዳር ነው። እሑድ እሑድ በአጥቢያችን መዝሙር ይመራል፤ ሰው ይወደዋል። ኑሮው ግን መንገድ ዳር ካለች፣ አርከበ ሱቅ ከምንላቸው አንዷ ውስጥ ነበር። ቻርጀር፣ የስልክ ከቨርና ኢርፎን ይሸጣል።

ዋሷ የዚያው አጥቢያ እህት ነች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች እያስረከበች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። በዕቁቡ ውስጥ እሷም ግማሽ ዕጣ አላት፤ አልወጣላትም ነበር። ለምን እንደፈረመች ስጠይቃት የነገረችኝ ይኸው ነው፦ «ሲያዘምር የማለቅስበት ልጅ እቤቴ ድረስ መጥቶ ፈርሚልኝ ሲለኝ እንዴት እምቢ ልበል?»

ሁለተኛው ዋስ የወንድማችን የአጎት ልጅ ነበር።

## ችግሩ

ዕጣው የወጣለት በሰባተኛው ሳምንት፣ ሰኔ 2016 ማለቂያ ላይ ነው። ብሩን ወስዶ ዕቃ ገዛ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ተሰቀለ፤ ገዢ ቀዘቀዘ። ብዙም ሳይቆይ ሱቋ ያለችበት መንገድ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ እሷም ተነሳች። እስከ አሥራ አምስተኛው ሳምንት እንደምንም ጣለ። ከዚያ አቆመ። የቀረው 25 ሳምንት፣ ማለትም 75,000 ብር ነው።

ሐጂ መጀመሪያ እሱን ፈለጉት። ስልክ አያነሳም። የአጎቱን ልጅ ፈለጉት፤ ሳዑዲ ገብቷል። ከዚያ ወደ እንጀራዋ ቤት መጡ። ክፉ ቃል አልተናገሩም። የምትከፍል ከሆነ በየሳምንቱ እንድትጥል፣ አለበለዚያ ከራሷ ዕጣ እንደሚቆርጡ ነገሯት። መጣል ጀመረች።

እኛ ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር። የምናውቀው እሑድ መምጣት እንደተወች ብቻ ነው። ላያት ስሄድ ከምጣዱ አጠገብ የሂሳብ ደብተር ተንጠልጥሏል፤ ጠርዙ ሊጥ ነክቶት ደርቋል። አውርዳ አሳየችኝ። በግራ ገጽ የምግብ ቤቶቹ ሂሳብ አለ። በቀኝ በኩል አራት ጊዜ 3,000 ተጽፏል፤ ከእያንዳንዱ ጎን የእሱ ስም የመጀመሪያ ፊደል አለ። «እሱ መድረክ ላይ ሆኖ እጃችሁን አንሱ ሲል፣ መጋቢ፣ እጄ አልነሳ አለኝ። ስለዚህ ቀረሁ» አለችኝ። አንድ ሽማግሌ ነገሩን ሰምተው ለጌታ ተዪው ብለዋት ኖሯል። «ለጌታ ልተወው እችላለሁ። ሐጂ ግን ሰኞ ይመጣሉ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ይህች ሴት የሱቅ ነጋዴ አታውቅም። የምታውቀው የመዝሙር መሪ ነው። የፈረመችው የእኛን መድረክ አምና ነው። ስለዚህ የሁለት ሰዎች የግል ጉዳይ ነው ብለን ዞር ማለት አንችልም።

## መጀመሪያ የተሞከረው

ሽማግሌዎች ሁለቱን ጠሩ። 1ኛ ቆሮንቶስ 6 ተነበበ፦ ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት አይክሰስ። ተጸለየ። እሱ አለቀሰ፣ እሷም አለቀሰች፣ ተቃቀፉ። በዚያው ስሜት ውል ተጻፈ፤ በቀን 500 ብር ለዕቁቡ ጸሐፊ በቴሌብር ሊልክ። ቁጥሩን ያመጣው እሱ ራሱ ነው። ማንም ከየት ታመጣለህ ብሎ አልጠየቀውም።

አንድ ሳምንት ከፈለ። ሁለተኛው ላይ ቆመ። ተከታዮቹን ሁለት ሳምንታት እንደገና እሷ ጣለች። የከፈለችው 18,000 ብር ደረሰ።

ያ እርቅ ውሸት ነበር አልልም። እንባው እውነተኛ ነው። ግን ይቅር በዪ የተባለችው ዕዳው ገና በትከሻዋ እያለ ነው። ይቅርታ ስትጠየቅ ለሚመጣው ሰኞ የሚበቃ ብር ከየት እንደምታመጣ ያሰበላት የለም። በሀገራችን ሽምግልና ይህ የተለመደ ነው፤ ለሰላሙ ሲባል የሚጎዳው ቻይ የሆነው ወገን ነው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ላዩ ላይ ጥቅስ ትጨምርበታለች።

ጥቅሱም ቢሆን ቦታው አልነበረም። ጳውሎስ የሚናገረው አማኝ ከአማኝ ጋር ስላለው ክስ ነው። እዚህ ገንዘቡን የሚጠብቁት ዕጣቸው ያልወጣ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አያውቁም። እኛ ፍርድ ቤት ስለማንወድ እነሱ ይጠብቁ ማለት የእኛን መንፈሳዊነት በእነሱ ኪስ መግዛት ነው።

## «ቤትህ ውስጥ ምን አለ?»

ከዚያ በኋላ ብቻውን አገኘሁት። ማቴዎስ 18 የሚያዘውም መጀመሪያ ብቻችሁን ሆናችሁ ተነጋገሩ ነው፤ እኛ በጉባኤ ጀምረን ነበር። ወረቀት አውጥተን 120,000 ብሩ የት እንደገባ ጻፍን። ለዕቃ 70,000። ለቆየ ብድር 20,000። ለእህቱ ሠርግ 30,000። ሠርጉ ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ።

አሁንስ ምን አለህ ስለው «ምንም የለኝም» አለ።

በ2ኛ ነገሥት 4 ያለችውን መበለት አነሳሁለት። ባሏ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ግን ዕዳ ትቶ ሞተ። ስለዚህ ባለዕዳ ሁሉ ከሃዲ አይደለም። አበዳሪው ልጆቿን ሊወስድ ሲመጣ ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። ኤልሳዕ አበዳሪውን ጠርቶ ማርላት አላለውም። ቤትሽ ውስጥ ምን አለሽ ብሎ ጠየቃት። ከዘይት ማሰሮ በቀር ምንም የለኝም አለች። ዘይቱ በዝቶ ሲያበቃ የተነገራት ሂጂ ሽጠሽ ዕዳሽን ክፈዪ፣ በተረፈው ከልጆችሽ ጋር ኑሪ የሚል ነው። ይህን ክፍል ስለ ተአምሩ ብዙ ሰብከነዋል። ተአምሩ ለምን እንደዋለ ግን እናልፈዋለን፤ ዕዳ ተከፈለበት።

ቤቱ ሄድን። አልጋ ስር ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ አለ። አንዱ በከቨር የተሞላ ነው፤ አብዛኛው ገበያ ላይ ለሌሉ ስልኮች የተሠራ። ሌላው ግን ቻርጀርና ኢርፎን ነው፣ ማሸጊያው እንኳ አልተከፈተም። ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት የተገዛ ስለሆነ ዋጋው ከገዛበት በላይ ወጥቷል። ሱቅ ሳገኝ እጀምርበታለሁ ብሎ አስቀምጦታል። ውሸታም አልነበረም። ዕቃውን እንደ ሀብት አልቆጠረውም፤ እንደ ነገ እንጀራው ነው ያየው። ነገር ግን የእሱ ነገ በሌላ ሰው ምጣድ ላይ እየተጋገረ ነበር።

ሚስቱ ስለ ዕቃው ታውቃለች፤ ስለ ዋሷ አታውቅም። ስትሰማ የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «እሷ ላይ ነው እንዴ የጣልከው?» ዕቃው ይሸጥ አይሸጥ የሚለው ክርክር እዚያው አለቀ። እኔ በሰዓታት ያላመጣሁትን እሷ በአንድ ጥያቄ አመጣችው።

## ሐጂ ዘንድ

ዕቃው መርካቶ በጅምላ 30,000 ብር አወጣ። ይዘን ወደ ሐጂ ሄድን፤ እሱ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ። ሱቃቸው ውስጥ በስኳርና በዱቄት ጆንያ መሃል ተቀምጠን ረጅሙን መዝገብ ዘረጉት። የእሱ ስም ፊት ለፊት ያልከፈለባቸው ሳምንታት በቀይ ተከበዋል። ከሥሩ የእሷ ፊርማ አለ።

አንዱ ሽማግሌ ስለ ይቅር ባይነት ሊጀምሩ ሲሉ ሐጂ እጃቸውን አነሱ። «ፓስተር፣ እኔ ብሆን ልተውለት እችላለሁ። ይህ ግን የእኔ ብር አይደለም። የአርባ ሰው ነው። የሰውን ብር እኔ ምን አግብቶኝ እምራለሁ?» ስለ አደራ ከዚህ የተሻለ ስብከት መስማቴን አላስታውስም።

ስምምነቱ ቀላል ነው። 30,000 ብሩ ወደፊት ለሚመጡ አሥር ሳምንታት ተቆጠረ፤ ስለዚህ እሷ ከዚያች ቀን ጀምሮ መጣል አቆመች። ለቀሩት ስምንት ሳምንታት የሚሆነው 24,000 ብር በቀን 250 ብር፣ በሳምንት ስድስት ቀን ይጠራቀማል። ቁጥሩን ያወጣነው ከገቢው ተነስተን ነው። በዚያ ሰሞን የሰው ሱቅ ተቀጥሮ መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ ደመወዙና ኮሚሽኑ ተደምሮ፣ የቤት ኪራይና አስቤዛ ተቀንሶ ያ ነው የሚተርፈው። ብሩ በቀጥታ ለዕቁቡ ጸሐፊ ይገባል፤ በእኔም በሽማግሌዎችም እጅ አያልፍም። ዕቁቡ ሲያልቅ በዚያው መጠን የእሷን 18,000 ይከፍላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ዋስ የከፈለውን ከዋናው ባለዕዳ የመጠየቅ መብት አለው። ይህንን መብቷን አልሻርንም፤ ውሉ ላይ ጻፍንላት።

## የእርዳታው ሣጥን

አጥቢያው የተቸገሩትን የሚረዳበት ሣጥን አለ። ከዚያ ተከፍሎ ነገሩ ይዘጋ ያሉ ነበሩ። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ የጥበቃ ሠራተኛው፣ የልብስ አጣቢዋ መባ ነው። በሠርግ የወጣ ብር በእነሱ መባ ይተካ ማለት ከበደን። ደግሞም ሊሠራ የሚችል ሰው ነው።

ለእሷ ግን አንድ ኩንታል ጤፍ ተገዛላት። በነዚያ ሳምንታት ለዕቁብ የጣለችው የጤፍ መግዣዋን ነበር፤ ደንበኛ የሆነ አንድ ምግብ ቤት እንጀራ ስላሳነሰች ወደ ሌላ ሄዶባታል። የጠፋው ደንበኛ አልተመለሰም። ጤፉ ግን ሥራዋን አቆመላት። ከሠራነው ሁሉ በፍጥነት የሠራው ይሄ ነው፤ ማንም ስላላከራከረም ብዙ አይወራለትም።

## የመድረኩ ጥያቄ

ከገንዘቡ ይልቅ ያስቸገረን ይሄ ነው። ሽማግሌዎች ወንድማችን ለጊዜው መዝሙር መምራት እንዲያቆም ወሰኑ። ልክ ነበሩ፤ እሷ ጉባኤ መቀመጥ አልቻለችም ነበርና። ችግሩ ለጊዜው የሚለው ቃል መጨረሻ አልነበረውም። እስከ መቼ እንደሆነ፣ ምን ሲያደርግ እንደሚመለስ ማንም አልነገረውም። ሰው ደግሞ መጠርጠር ጀመረ፤ አንዱ በዝሙት ነው አለ፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ነክቷል አለ። እሱም ዝም ብሎ ወደ ሌላ አጥቢያ መሄድ ጀመረ። እዚያ ማንም ስለማያውቀው ወዲያው መድረክ ሰጡት።

ኋላ ቀን ተቆረጠለት፦ ዕቁቡ ሲያልቅ ትመለሳለህ። የሌላውን አጥቢያ መጋቢ ደውዬ ነገሩን ያለ ዝርዝር አስረዳሁት፤ ቅር ሳይለው ተባበረ። ወንድማችን ተመልሶ ከኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረ። ለወሬው ግን መድኃኒት አላገኘንም። ዝርዝሩን በጉባኤ መናገር እሷንም ማጋለጥ ስለሚሆን ተውነው።

## ምን ሆነ

ዕቁቡ በጊዜው ተጠናቀቀ። 250 ብሩ አንዳንድ ቀን ይዘላል፤ በበዓል ሰሞን አንድ ሙሉ ሳምንት ተዘሏል። ግን ሁለት ሳምንት ትርፍ ጊዜ ስለነበረን ደረሰ። እሷም ግማሽ ዕጣዋን ሳይቆረጥባት ወሰደች። ከእሷ 18,000 ውስጥ 12,000 ተከፍሏል፤ 6,000 ይቀራል። እሱ መዝሙር ወደ መምራት ተመልሷል። እሷ እሑድ ትመጣለች፤ እሱ በሚመራበት ሳምንት ዘግይታ የምትገባ ይመስለኛል። አልጠየቅኳትም፤ መብቷ ነው።

የሳዑዲው ዋስ እስካሁን አንድ ብር አልላከም። እኛም ምንም ልናደርገው አልቻልንም።

## ለሌላ አጥቢያ

ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ሰው ከጸሎቱ ጋር ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዝ እላለሁ። ስንት ተወሰደ፣ ስንት ተከፈለ፣ ማን ከፈለው፣ እቤት ምን አለ። ይህ ሳይታወቅ የሚጻፍ ውል የምኞት ውል ነው። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ውል ልዩነት 500 እና 250 ብር ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ከሰውየው ኪስ ተነስቶ የተጻፈ ነው።

የተጎዳውን ሰው መጀመሪያ ሸክሙን አውርዱለት። ይቅርታው በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ሳይመጣ ቢዘገይም አትቆጡ። ገንዘቡ የውጭ ሰዎች ከሆነ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ወደ እነሱ ሂዳ ቁጥር ይዛ ትቅረብ። ሐጂ ስለ እምነታችን የሚያውቁት በዚያ መዝገብ ላይ ባለው ብቻ ነው። ከአገልግሎት የሚያግድ ውሳኔ ቀንና መመለሻ ይኑረው።

አንድ ነገር ላይ አሁንም ልቤ ተከፍሏል። ሽማግሌዎች ከዚህ በኋላ መድረክ ላይ የሚያገለግል ሰው ምዕመኑን ዋስ እንዳይጠራ ደንብ አውጥተዋል። ምክንያቱ ይገባኛል። ምሳሌ 22 ዋስ የገባ ሰው አልጋው ከሥሩ እንደሚወሰድ ያስጠነቅቃል። ግን ደሃ አገልጋይ ዘመድ ከሌለው፣ ባንክ ካርታ ወይም መኪና አስይዝ ካለው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰው በቀር ማንን ይጠራል? ድምፄን ሰጥቻለሁ፤ ደንቡ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና እንዲታይ አስጽፌአለሁ።

አዲሱ የዕቁብ ዙር ተጀምሯል። እሷ በግማሽ ዕጣ ገብታለች። እሱም ሊገባ ጠይቆ ነበር። ሐጂ የመጨረሻውን ዕጣ ለመውሰድ ከተስማማ ያለ ዋስ እንደሚያስገቡት ነግረውታል። እያሰበበት ነው።